የዘካሪያስ ውሃ

አቶ ካሱ በሰው ጉዳይ ጥልቅ የማለት አመል እንዳለባቸው ራሳቸውም አይክዱም። ሴቻ በሚባለው የከተማው ክፍል በሚገኝ አንድ የጥርስ ክሊኒክ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ሲጠብቁ፣ አጠገባቸው የነበረችውን የማያውቋትን ወጣት ለመምከር የተነሱትም በዚሁ አመላቸው ነው። ልጅቷ በስልክ እያወራች ትስቃለች። ሳቋ ያምራል፤ ሰምቶት ፊቱን የማይፈታ ሰው የለም። ጥርሶቿ ግን አንዳንዱ ኖራ የነጠበበት ይመስላል፣ አንዳንዱ ዝገት እንደያዘው ቆርቆሮ ጠቁሯል።

ስልኩን እንደዘጋች አቶ ካሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ እንደ አባት አንድ ነገር ልምከርሽ። እንዳትቀየሚኝ።»

«ይምከሩኝ አባባ። ምክር ማን ይጠላል?»

«ይሄን ጫት የሚሉትን ነገር ተይው። ሲጋራም ካለበት እሱንም ተይው። መልክሽ ደስ ይላል፣ የተማርሽም ትመስያለሽ፤ ጥርስሽን ግን አበላሸሽው።»

ልጅቷ አልተቀየመችም። እንዲያውም ከቅድሙ የባሰ ሳቀች፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያያት ድረስ።

«ሔርሜላ እባላለሁ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ጫትም ሲጋራም ነክቼ አላውቅም፣ አባባ። ይሄ የውሃ ሥራ ነው።»

«የውሃ? ውሃ ሆድ ሲያም አውቃለሁ፤ ጥርስ ሲያበላሽ ግን ሰምቼ አላውቅም።»

«እኛም አልሰማንም ነበር። ያደግሁት ከዚህ በስተ ሰሜን፣ እዚሁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለች መንደር ነው። የጉድጓድ ውሃችን ኩልል ያለ ነበር። ለካስ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን በዝቶበት ኖሯል። ሕፃን ልጅ ሲጠጣው፣ ድዱ ውስጥ ገና በመሠራት ላይ ያለውን ጥርስ ከሥሩ ያበላሸዋል። እኔ ዛሬ የውሃ ጥራት ባለሙያ የሆንኩት፣ እውነቱን ልንገርዎትና፣ ውሃ ላይ ቂም ይዤ ነው።»

አቶ ካሱ ፈገግ አሉ። ልጅቷን ወደዷት። ከወደዱት ሰው ጋር ደግሞ ስለ ጉድጓዳቸው ሳያወሩ አይለያዩም።

«እኔ ዘንድ ብትመጪ ግን ከውሃ ጋር ትታረቂ ነበር» አሉ። «ቤቴ ወደ ጫኖ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ጉድጓዴ እንዲህ በዶማ የተጫረ አይደለም፤ በማሽን ነው ያስቆፈርኩት። ጥልቅ ነው። ውሃው እንደ መስታወት ነው። ደግሞ ከሥር ሲወጣ ለብ ይላል፤ ለሕፃን ገላ እንኳ ማሞቅ አያስፈልገንም። ሰፈሩ በሙሉ ከኔ ነው የሚጠጣው።»

በስምጥ ሸለቆ ከጥልቅ የሚወጣ ለብ ያለ ውሃ ፍሎራይድ እንደሚበዛበት የምታውቀው ሔርሜላ «ለብ ይላል» የሚለውን ስትሰማ ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ተመርምሮ ያውቃል፣ አባባ?»

«የኔ የግል ጉድጓድ ነው። ማን ይመረምረዋል?»

«ችግሩ እሱ ነው። የመንግሥት ቧንቧ ሲሆን መርማሪ አለው። የግል ጉድጓድ ግን ባለቤቱ ካላስመረመረው በስተቀር ጠያቂ የለውም። ቤትዎ ልጆች አሉ?»

«የልጅ ልጆቼ አሉ። ልጄ ኢሳያስና ሚስቱ ፍራፍሬ ይነግዳሉ፤ ሥራቸው ከተማ ለከተማ ስለሆነ ልጆቹ እኛው ጋ ነው የሚያድጉት። ትልቋ ቤተል ሰባተኛ ክፍል ናት። ትንሿ ሳባ ገና ሁለት ዓመቷን አልደፈነችም።»

«ቤተል ስትስቅ ጥርሷ ምን ይመስላል?»

ሽማግሌው ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ለማስታወስ ሞከሩ፤ አልመጣላቸውም።

«ቤተል ጨዋ ልጅ ናት» አሉ በመጨረሻ። «ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።»

ሔርሜላ አንገቷን ደፋች። «እኔም እንደሷ ነበርኩ» አለች። ወዲያው የአቶ ካሱ ስም ተጠራ። ከመነሳታቸው በፊት ስልክ ቁጥሯን ሰጠቻቸውና «ከፈለጉ ውሃውን መጥቼ እመረምርልዎታለሁ» አለቻቸው።

አቶ ካሱ ጥርሳቸውን አስነቅለው ወደ ታችኛው የከተማው ክፍል ወደ ሲቀላ በሚወርደው ሚኒባስ ሲሳፈሩ፣ ከነቀላው ይልቅ የልጅቷ ንግግር ነበር የሚቆረቁራቸው። ለዚህም ምክንያት ነበራቸው። ይህ ጉድጓድ ለሌላው ሰው የውሃ ጉድጓድ ይሁን እንጂ ለርሳቸው የልጃቸው መታሰቢያ ነው።

ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት ሰፈሩ የሚጠጣው የመስኖ ቦይ ውሃ ነበር። አንድ ክረምት ጎርፍ ቦዩን አደፈረሰው። የበኩር ልጃቸው ዘካሪያስ ተቅማጥና ትውከት ያዘውና፣ አባቱ አዝለውት ወደ ሆስፒታል ሲሮጡ መንገድ ላይ ጀርባቸው ላይ አረፈ። አቶ ካሱ ልጁ መሞቱን እያወቁ እንኳ ሩጫቸውን አላቆሙም ነበር ይላሉ ያዩ ሰዎች። ከዚያ በኋላ ከሙዝ ማሳቸው የሚያገኙትን ሁሉ ይዘው፣ መሬቱን አስቆፍረው፣ ንጹሕ ውሃ አወጡ። ለሰፈሩም በነፃ ለቀቁት። ሰዉ «የዘካሪያስ ውሃ» አለው፤ ስሙም በዚያው ጸና። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ሰፈር በውሃ በሽታ የተቀበረ ሕፃን የለም። እንዲህ ያለውን ውሃ መጥፎ ነው ማለት፣ ለአባትየው የልጁን መቃብር እንደ መርገጥ ነበር።

እቤት ሲደርሱ ቤተል ከማንጎው ሥር ተቀምጣ ሳባን በኩባያ ውሃ ታጠጣለች። ሳባ ውሃውን በአፍንጫዋ አስገብታ ስታስነጥስ ቤተል ሳቀች፤ ስትስቅም እጇ እንደ ልማዱ ወደ አፏ ሄደ። አቶ ካሱ ያንን እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩት።

አጠገቧ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

«ቤተል፣ እስቲ እጅሽን አውርጂና ሳቂልኝ።»

«ምነው አባባ?» አለች። ሳቁ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«እንዲያው ልይሽ ብዬ ነው።»

ልጅቷ ከንፈሯን ገጠመች። ከዚያ «ሰው ነገረህ?» አለች።

«ምኑን?»

«ክፍል ውስጥ የሚሉኝን። መጻፍ እንጂ ማንበብ አልወድም የምለው ለምን ይመስልሃል? ተነስቼ ሳነብ ጥርሴ ይታያል። በከሰል ፈተግሁት፣ በአሸዋም ሞከርኩ። ድዴ ደማ እንጂ አልለቀቀም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም፣ የኔ ልጅ?» አሉ ሽማግሌው።

«የሳይንስ አስተማሪያችን ከውሃ ሊሆን ይችላል አለን። ውሃው ደግሞ የአጎቴ የዘካሪያስ ነው። ውሃው ነው ብልህ የምታለቅስ መሰለኝ።»

አቶ ካሱ የልጅቷን ራስ ደረታቸው ላይ አስጠጉ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል ሰምተው ያውቃሉ፤ ያ ውሃ ከገዛ ጓሯቸው ይወጣል ብለው ግን አስበው አያውቁም። ጨዋነት ብለው ያመሰገኑት ነገር የአንዲት ሕፃን የተደበቀ ልቅሶ ነበረ። ሰው ከሚወደው ነገር ጋር አብሮ ሲኖር ዓይኑ ይለምድና ማየት ይተዋል። በዚያው ቀን ለሔርሜላ ደወሉ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መጣች። ባለቤታቸው ወይዘሮ ልክነሽ ከማሳው የተቆረጠ ሙዝ በሰፌድ አቀረቡላትና፣ እንግዳዋ አንድ እንኳ ሳትልጥ ሳይጠየቁ ማስረዳት ጀመሩ።

«ልጄ፣ እኔ በውሃ ነገር ቸልተኛ ሴት አይደለሁም። አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ። ለነዚህ ልጆች ውሃ ሳላፈላ አጠጥቼ አላውቅም። እስኪንተከተክ ነው የማፈላው።»

ሔርሜላ የያዘችውን ጠርሙስ አስቀመጠች። ለተማረ ሰው ከባዱ ነገር የሚያውቀውን መናገር አይደለም፤ የሚሰማው ሰው ሳይቆስል መናገር ነው።

«እማማ፣ ወጥ ሲሠሩ ጨው ቢበዛብዎት፣ ጨው እንዲቀንስ ብለው ያንተከትኩታል?»

«ኧረ! እሱማ ይብሳል።»

«ፍሎራይድም እንደ ጨው ነው። ጀርም ሕይወት ስላለው እሳት ይገድለዋል። ፍሎራይድ ሕይወት የለውም፤ ምን ይሞታል? ውሃው ሲተን እሱ ይቀራል። በክሎሪንም አይለቅም። በዓይን አይታይም፣ በምላስ አይለይም። ጥርስን ብቻ አይደለም፣ ብዙ ከሆነና ለብዙ ዘመን ከተጠጣ አጥንትንም ያደርቃል፣ ወገብና ጉልበት አልታዘዝ ይላል።»

ወይዘሮ ልክነሽ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እኔው ነኛ ያባስኩባቸው!»

«የለም እማማ። እርስዎ ሲያፈሉ የኖሩት እንዳይሞቱ ብለው ነው። ማፍላት ከጀርም ያድናል። ይሄኛው ግን ሌላ ጠላት ነው፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ደግሞ ገና አልመረመርንም፤ አስቀድመን አንፍረድ።»

ውሃውን ከቧንቧው ቀዳች። ከዚያ ዙሪያውን አየችና «ለማነጻጸር ሌላ ጉድጓድ በአቅራቢያ አለ?» ብላ ጠየቀች። ነበረ። ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤታቸው የደግፌ በእጅ የተቆፈረ አሮጌ ጉድጓድ ነበር። የዘካሪያስ ውሃ ከወጣ ወዲህ ለከብትና ለጭቃ ማቡኪያ ካልሆነ የሚቀዳው የለም። አቶ ካሱ ራሳቸው ናቸው ደግፌን «ይሄን ድፍርስ ተወው፣ ከኔ ቅዳ» ብለው ያስተዉት። ሔርሜላ ከዚያም ቀዳች።

በሚቀጥለው ሳምንት ስትመለስ ፊቷ ላይ ደስታ አልነበረም።

«አባባ፣ የርስዎ ውሃ ከጀርም ፍጹም ንጹሕ ነው» አለች። «ፍሎራይዱ ግን ለመጠጥ ከሚፈቀደው በእጥፍ ይበልጣል። የጋሽ ደግፌ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጥልቀት ስለሌለው የሚጠራቀምበት ውሃ ከዝናብና ከወንዝ የሰረገ ነው፤ ፍሎራይዱ በጣም ትንሽ ነው። ጀርም ግን አለበት፤ መጸዳጃ ቤታቸው ቅርብ ነው፣ አፉም ክዳን የለውም። ይሄኛው የሚድን በሽታ ነው። መጸዳጃው ቢያንስ ሠላሳ ሜትር ራቅ ብሎ ከጉድጓዱ በታች በኩል ይሠራ፤ ጉድጓዱ ይጸዳ፣ ዙሪያው ይለሰን፣ ይከደን፣ በክሎሪን ይታከም። እንደገና መርምረን ከጀርም ነፃ ሲሆን ልጆቹ የሚጠጡትና ምግብ የሚበስልበት ከዚያ ይሁን። እስከዚያ ከከተማው ቧንቧ አስመጡላቸው።»

አቶ ካሱ ቀጥ ብለው ተነሱ። ከተገናኙ ጀምሮ እንዲህ ሲቆጡ አላየቻቸውም።

«ስሚኝ ልጄ። ልጄን የገደለው ምን ዓይነት ውሃ መሰለሽ? እንዲህ ያለው ድፍርስ ውሃ ነው! ጀርባዬ ላይ ነው የቀዘቀዘው። እኔ ከዚያ ሞት ሸሽቼ መሬት ቆፈርኩ። አንቺ ዛሬ ተምረሽ መጥተሽ ወደዚያው ተመለስ ትይኛለሽ? ጥርስ ቢጠቁር ሰው አይሞትም!»

ሔርሜላም ተነሳች፤ ነገር ግን ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«እውነትዎን ነው፣ ጥርስ ቢጠቁር ሰው አይሞትም። እኔም አልሞትኩም» አለች። «እርስዎ ይህን ጉድጓድ ባያስቆፍሩ ኖሮ ከነዚህ ጥርሳቸው ከጠቆረው የሰፈር ልጆች ስንቱ ጥርስ ሳያበቅል በቀረ ነበር? ይህንን ማንም ከርስዎ ሊወስድብዎት አይችልም። የዘካሪያስ ውሃ ሰው አድኗል። ግን አባባ፣ ያን ጊዜ የሚያውቁት ጠላት አንድ ነበር፤ እሱን ድል ነሱት። ዛሬ ሁለተኛውን አወቁ። እንደ ድሮው ወደ ቦይ ውሃ ይመለሱ አላልኩም። የታከመ፣ የተከደነ፣ የተመረመረ ውሃ ይጠጡ ነው ያልኩት። ዘካሪያስን የገደለው የቦዩ ውሃ ከላዩ ክፍት መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ያለውን የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው።»

«ታዲያ ጉድጓዱን ልድፈነው?» አሉ።

«ለምን ይደፍኑታል? ልብስ ይታጠብበት፣ ገላ ይታጠብበት፣ ከብት ይጠጣ፣ ችግኝ ይጠጣ። ከአፍ ብቻ ይለይ፤ ከልጆች አፍ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ።»

ቤተል በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። «የኔስ?» ብላ ጠየቀች።

ሔርሜላ ሄዳ ትከሻዋን አቀፈቻት። «ያንቺ ከተሠራ በኋላ ስለሆነ ውሃ በመለወጥ ብቻ አይነጣም። የጥርስ ሐኪም ሊያሳምረው ይችላል፤ ጊዜው ሲደርስ እናስባለን። የሳባ ቋሚ ጥርስ ግን ገና በድዷ ውስጥ እየተሠራ ነው፤ እሷን እናድናታለን። አንቺን ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ እንዳንቺ አፌን ሸፍኜ ነበር የምስቀው። ኋላ ሳስበው፣ ምንም ያጠፋሁት ነገር የለም። ሳልሰርቅ እንደ ሌባ ለምን እደበቃለሁ? አልኩና ተውኩት።»

ቤተል ሳቀች። ግማሹን ሸፈነች፣ ግማሹን ተወችው።

አቶ ካሱ ግን ወዲያው እሺ አላሉም። ሽማግሌ በአንድ ቀን አይዞርም፤ ቢዞርም አይታመንም። በሙዝ ማሳቸው ውስጥ ሲመላለሱ ዋሉ። በመጨረሻ ከሚስታቸው ጋር ተቀመጡ።

«ልክነሽ፣ ሰዉ ምን ይለኛል? ለዘመናት ስጦታ ብሎ መርዝ አጠጣን ይለኛል?»

«የኢሳያስ አባት» አሉ ወይዘሮ ልክነሽ፣ «ያኔ የሰጠኸው ያለህን ነበር። አሁን ዐውቀህ ዝም ካልክ ነው የሚፈረድብህ። ዘካሪያስ ቢኖር ሳባን ከዚያ ውሃ ያጠጣት ነበር?»

አቶ ካሱ ቁርጡን ለሰፈሩ ሊነግሩ ወሰኑ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጎረቤቱን ግቢያቸው ሰበሰቡ። የሰሙትን ሁሉ አንድም ሳያስቀሩ ነገሩት። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ «ጋሽ ካሱ ውሃ መስጠት ሰለቻቸውና ሰበብ ፈለጉ» ብሎ አንሾካሾከ። ያን ጊዜ ቤተል ሳትጠራ ብድግ አለች። እጇ ወደ ላይ ሄደ፤ ከመድረሱ በፊት ግን መልሳ አወረደችው።

«ጥርሴን እዩት» አለች። «የናንተም ልጆች እንደዚህ ናቸው፤ ታውቃላችሁ። የምንደብቀው እናንተ እንዳታዝኑ ነው። ትንንሾቹ ግን እንደኛ እንዳይሆኑ ዛሬ መጀመር ትችላላችሁ።»

ያንሾካሾከው ሰው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። አንዲት እናት አጠገቧ ያለውን ልጅ አፍ በጣቷ ከፈት አድርጋ አየችና መልሳ ዘጋችው። ሌላ ክርክር አላስፈለገም።

ደግፌ ግራ ገባው። የተናቀው ጉድጓዱ ተፈላጊ መሆኑን ማመን አቃተው። መጸዳጃውን ለማዛወር ሰፈሩ ሁሉ ወጣ፤ አሮጌው ተደፈነ፣ አዲሱ ራቅ ብሎ ተሠራ። ጉድጓዱ ተጠርጎ ዙሪያው ተለሰነ፣ ክዳንና ማውጫ ፓምፕ ተገጠመለት። ሔርሜላ በክሎሪን እንዴት እንደሚታከም፣ በየስንት ጊዜው እንደሚመረመር፣ ጀሪካን እንኳ ውስጡ ካልታጠበ ንጹሑን ውሃ እንደሚያቆሽሽ አንድ በአንድ አስተማረች። በአካባቢው የግል ጉድጓድ ያላቸው ሌሎችም እየመጡ «የኛንም እይልን» አሏት። የአንዱ ደህና ሆኖ ተገኘ፤ የሌላው ከአቶ ካሱም የባሰ ነበር። ጎን ለጎን ያሉ ጉድጓዶች እንኳ እንደ ወንድማማች መልካቸው ይመሳሰል እንጂ ጠባያቸው ይለያያል፤ ባልመረመሩት መማልም ባልመረመሩት መርገምም ስሕተት መሆኑን ሰዉ ተረዳ። ጥቅሙ ጥርስ ላይ ብቻ አልቆመም፦ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ተከደነ፣ እጅ መታጠብ ተለመደ፣ ልጆች በተቅማጥ ከትምህርት ቤት መቅረታቸው ቀነሰ፤ ወላጅም ለልጁ ውሃ ሲሰጥ የሚሰጠውን ዐውቆ መስጠት ጀመረ።

የደግፌ ጉድጓድ ዳግመኛ ተመርምሮ ለመጠጥ ብቁ ነው የተባለ ዕለት፣ አቶ ካሱ ጀሪካን አንጠልጥለው አጥሩን ዞረው ሄዱ። ደግፌ ከሩቅ ሲያያቸው እየሮጠ መጣ።

«ጋሽ ካሱ! ምነው እርስዎ ራስዎ? እኔ አላመጣልዎትም ነበር?»

«ተው ደግፌ። አንተ ስንት ዘመን እኔ ደጅ ስትመጣ ላድርስልህ ብዬህ አላውቅም።»

«የኔና የርስዎማ አንድ ነው እንዴ?»

«አንድ ነው። መስጠት ብቻ ለምጄ ኖርኩ፤ መቀበልም ይለመዳል። ቅዳልኝ፣ ውሃ ጠምቶኛል።»

ደግፌ ኩባያውን ደጋግሞ አጠበ። ፓምፑን መትቶ ሞላና በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ሽማግሌው ቆመው፣ ሳይቸኩሉ፣ እስከ መጨረሻው ጠጡት። ከዚያ ኩባያውን መለሱና ጎረቤታቸውን ትከሻውን ያዝ አድርገው፣ «ተባረክ ደግፌ» አሉት።

ደግፌ ባዶውን ኩባያ ይዞ ቆመ። በዚህ ሁሉ ዘመን ውሃ ተቀብሎ «ይባረኩ» ሲል የኖረው እሱ ነበር።